በባሕር ንብብር ላይ የሚሄድ ሞገድና የድምፅ መንገድ፦ ከዶራሌ ወደብ የተነሣ የአማርኛ ስያሜ ጥያቄ

ዶራሌ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ የወደብ ሰፈር ነው። የነዳጅ ተርሚናሉ፣ የኮንቴይነር ተርሚናሉና እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ሁለገብ ወደብ በአንድ ዳርቻ ላይ ተደርድረዋል፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድም እስከዚሁ ይደርሳል። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ በጅቡቲ ወደቦች በኩል ስለሚያልፍ በዚህ ዳርቻ አፋርኛ፣ ሶማልኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ በሚሰሙበት ሥፍራ አማርኛም ይሰማል። የወደቡ አማርኛ ድኻ ነው ማለት አይቻልም። ቦቴ፣ ተሳቢ፣ ትራንዚተር፣ ዲክላራሲዮን፣ ዲሜሬጅ፣ ክሬን እያለ ሥራውን ያለ ችግር ያከናውናል። ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ በተውሶ የመጡ ቢሆኑም የአማርኛን እርባታ ተላብሰው ‹ቦቴዎቹ›፣ ‹ትራንዚተሩ›፣ ‹ዲሜሬጅ በላን› ይባልባቸዋል።

ይሁንና ሁሉም ከውኃው በላይ ያለውን ነገር የሚጠሩ ናቸው። የኮንቴይነር መርከብ የሚጠጋበት የዶራሌ ዳርቻ ጥልቀት 18 ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደተሄደ የባሕረ ሰላጤው ወለል እያዘቀዘቀ ሄዶ ከ800 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ጥልቀት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቸገራል። ይህ ጽሑፍ ለአብነት የመረጠው አንድ ክሥተት ነው፤ ከባሕሩ ፊት በታች የሚጓዝ ሞገድ በውኃ ውስጥ የሚሄደውን ድምፅ እንዴት መንገድ እንደሚያስለውጥ። ክሥተቱን በቅድሚያ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሳይታወቅ የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ አይዘልቅምና።

ተነባብሮ የሚኖር ውኃ

ባሕር አንድ ወጥ ውኃ አይደለም። የእንጀራ ሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ሲያድር ከላይ ቢጫማ እርሾ እንደሚያቀርር፣ ባሕርም ቀለል ያለውን ውኃ ከላይ፣ ከበድ ያለውን ከታች አድርጎ ይደረደራል። ክብደቱን የሚወስኑት ሙቀትና ጨው ናቸው፦ የሞቀ ውኃ ቀላል ነው፣ የቀዘቀዘ ከባድ ነው፣ ጨው የበዛበት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በሞቃት ባሕሮች ፀሐይ የላይኛውን ውኃ ታግላለች፤ ነፋስ ያንኑ እያማሰለ ከጥቂት አሥር ሜትሮች እስከ መቶ ሜትር የሚደርስ ሙቅ ንብብር ያበጃል። ከዚያ በታች ሙቀቱ በአጭር ርቀት ውስጥ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ይህ የፈጣን ለውጥ ወሰን የክሥተቱ መድረክ ነው።

ከዶራሌ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ለዚህ መደራረብ የተለየ ምሳሌ ነው። በክረምት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ግድም፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ቀላል ውኃ ከላይ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል፤ በትነት ብዛት ጨዉ የጠነከረው የቀይ ባሕር ውኃ ከሥር ይወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ነፋሱ ሲገለበጥ ንብብሩ ሦስት ይሆናል፦ ሙቅ የላይ ውኃ ይወጣል፣ ከመካከል የቀዘቀዘና ጨዉ ያነሰ ውኃ ይገባል፣ ከሥር ያለው የቀይ ባሕር ውኃ መውጣቱን ሳያቋርጥ በእጅጉ ይቀንሳል። በአንድ ወሽመጥ ውስጥ ሦስት ወንዞች አንዱ በአንዱ ላይ ተጭነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳሉ እንደ ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ደጃፍ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው የባሕር ወለል ጉብታ ነው፤ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ሞገዱ። በጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ውኃ፣ ግማሽ ዘይት ተጨምሮ ጠርሙሱ በጎኑ ቢወዘወዝ የሁለቱ ወሰን በዝግታ ከፍና ዝቅ ሲል ይታያል። ዝግታው የሚመጣው ከሁለቱ ክብደት መቀራረብ ነው። በባሕር ፊት ላይ ያለ ሞገድ የሚነሣው በውኃና በአየር ወሰን ላይ ነው፤ ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ የተነሣውን ውኃ የምድር ስበት ወዲያው ይመልሰዋል። በሁለት የባሕር ውኃ ንብብሮች መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ግን ከሺሕ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። መላሹ ኃይል ደካማ በመሆኑ በትንሽ ጉልበት ወሰኑ አሥር፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴም ከመቶ ሜትር በላይ ሊዋዥቅ ይችላል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ የባሕሩ ፊት የሚነቃነቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ምልክቱ ለስላሳና ሻካራ ሰንበር እየተፈራረቀ መታየቱ ነው፤ እነዚህ ሰንበሮች ከሳተላይት በግልጽ ይታያሉ፣ በደቡባዊው ቀይ ባሕርም በሳተላይት ምስሎች ተመዝግበዋል።

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የማዕበል ሳይሆን የጨረቃ ሥራ ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ውኃው በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ግድም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለስ፣ ከወለሉ ጉብታ ወይም ከአህጉር ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ ንብብሩም ወደ ላይ ይገፋል፣ ተመልሶም ይወድቃል። ከዚያ የሚነሣው ሞገድ የአንድ ዙር ርዝመቱ ከጥቂት ደቂቃ ይጀምራል፤ የላይኛው ወሰኑ ምድር በዘንጓ ላይ ከመሽከርከሯ የሚመጣ ሲሆን በዶራሌ ኬክሮስ 60 ሰዓት ያህል ይደርሳል። ለምድር ወገብ በቀረቡ ባሕሮች ወሰኑ እየረዘመ ይሄዳል፤ በሰሜን አውሮፓ ግን 14 ሰዓት ግድም ነው።

ሳይንስ ከመድረሱ በፊት መርከበኞች ነገሩን በስም ያውቁት ነበር፤ ለቋንቋ አጥኚ ይህ ከሁሉ የሚስበው ነጥብ ሊሆን ይችላል። የኖርዌይ መርከበኞች በፊዮርዶቻቸው መግቢያ ላይ መርከብ ያለ ምክንያት ሲጎተትና ሲያዘግም ‹ሙት ውኃ› ይሉ ነበር። ፍሪድትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 በፍራም መርከብ ወደ አርክቲክ ሲጓዝ ይኸው ደረሰበት፤ የስዊድኑ ቫግን ዋልፍሪድ ኤክማን በ1904 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን አስረዳ። ከላይ ጨው አልባ ቀጭን ውኃ፣ ከሥሩ ጨዋማ ውኃ ሲኖር መርከቡ ጉልበቱን የሚያባክነው የማይታየውን ወሰን በማዋዠቅ ነው። ስሙ ከማብራሪያው ቀድሟል። ስሙን ያወጡት ውኃውን በሥራ ያወቁ ሰዎች ነበሩ።

ድምፅ ለምን ይጎብጣል

ለድምፅ አጥኚ በአየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል መሆኑ የታወቀ ነው። ዣን ዳንኤል ኮላዶንና ሻርል ስቱርም እ.ኤ.አ. በ1826 በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ደወል ከውኃ በታች እየመቱ፣ ከደወሉ ጋር ባሩድ እያበሩ ባደረጉት ልኬት በጨው አልባ ውኃ ውስጥ 1435 ሜትር በሴኮንድ አገኙ። በባሕር ውኃ ውስጥ ፍጥነቱ 1500 አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በሁለት እስከ አራት ሜትር ያድጋል፤ በየመቶ ሜትር ጥልቀት በግፊት ምክንያት 1.6 ሜትር ግድም ይጨምራል፤ ጨውም የራሱን ድርሻ ያክላል። በተለመደው ቀመር ሲሰላ 30 ዲግሪ የሚሞቅ የላይ ውኃ ድምፅን በሴኮንድ 1546 ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ በ100 ሜትር ጥልቀት ያለ 17 ዲግሪ ውኃ 1516 ያህል። ልዩነቱ 30 ሜትር ነው፤ ከመቶ ሁለት እጅ ማለት ነው።

ሁለት ከመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ለመንገድ ግን ብዙ ነው። ድምፅ ወደ ቀርፋፋው ውኃ ይጎብጣል። ምክንያቱ የሚታይ ነው፦ አንድ ረድፍ ሰልፈኛ ጎን ለጎን ሲራመድ በአንደኛው ጫፍ ያሉት ቢያዘግሙ ረድፉ በሙሉ ወደ እነርሱ ይዞራል። ከላይ ሙቅ፣ ከታች ቀዝቃዛ በሆነ ባሕር ውስጥ ከመርከብ የሚወጣ ድምፅ ወደ ታች ይጎብጣል፤ በተወሰነ ርቀት ላይ፣ በወሰኑ አካባቢ፣ ድምፁ የማይደርስበት ጥላ ይቀራል። በጥልቅ ውቅያኖስ ሙቀቱ መውረዱን ሲያቆምና ግፊቱ ሲያይል ፍጥነቱ ተመልሶ ይጨምራል፤ በመካከል ያለው ዝግተኛ ንብብር ድምፅን እንደ ቦይ ይዞ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች ያደርሳል። ይህን ቦይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመታት አሜሪካዊው ሞሪስ ዩዊንግና የሶቪየቱ ሊዮኒድ ብረኾቭስኪኽ ለየብቻ ደርሰውበታል። ቀይ ባሕር ግን ከ200 ወይም 300 ሜትር በታች እስከ ወለሉ ድረስ 22 ዲግሪ ግድም ሆኖ ስለሚቀጥል የድምፅ ቦዩ ከውቅያኖሱ በጣም ወደ ላይ የቀረበ ነው።

በዚህ ላይ የንብብሩ ሞገድ ይመጣል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ13 ዲግሪ ልዩነት በ60 ሜትር ውፍረት ውስጥ የሚወርድ ነው ቢባል፣ ሞገዱ ወሰኑን በ20 ሜትር ወደ ታች ሲጫነው በአንድ ቦታ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ከአራት ዲግሪ በላይ ለውጥ ያነብባል፤ በዚያ ቦታ የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ በ10 ሜትር ይለወጣል። ድምፁ 10 ኪሎ ሜትር በሙሉ በተለወጠው ውኃ ውስጥ ቢያልፍ በ40 ሚሊ ሴኮንድ ግድም ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ ከአንድ አጭር አናባቢ ርዝመት ብዙም አያንስም። እርግጥ በተግባር መንገዱ በሙሉ በሞገድ ውስጥ አይወድቅም፤ ሆኖም ከዚህ ቁራጭ ልዩነት ጋር አብሮ የሚመጣው ችግር ከመዘግየቱ ይበልጣል። አንድ ድምፅ ከተናጋሪ መርከብ ወደ አድማጭ መሣሪያ የሚደርሰው በብዙ መንገድ ነው፤ አንዱ ከባሕሩ ፊት ነጥሮ፣ አንዱ ከወለሉ፣ አንዱ በመካከል። መንገዶቹ በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ድምፁ ይጎላል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ካለ ይጠፋፋሉ። ሞገዱ እያንዳንዱን መንገድ በተለያየ መጠን ስለሚቀይረው በደቂቃዎች ውስጥ የጎላው ይደክማል፣ የደከመው ይጎላል። በጉሮሮና በአፍ ውስጥ ያለውን አስተጋቢ ክፍተት የሚያጠና ሰው፣ ክፍተቱ ተናጋሪው ሳያውቅ በየደቂቃው ቅርጹን ሲቀያይር ቢያስብ ይቀርበዋል።

የአቅጣጫው ነገርም አለ። እነዚህ ሞገዶች ብዙ ጊዜ በረድፍ ተከታትለው ስለሚሄዱ፣ ረድፉን የሚያቋርጥ ድምፅና ከረድፉ ጎን ለጎን የሚሄድ ድምፅ ዕጣቸው አንድ አይደለም። የሚያቋርጠው ጉልበቱ ከአንድ የጥልቀት አደራደር ወደ ሌላ ይሸጋገራል፤ ጎን ለጎን የሚሄደው በሁለት ሞገዶች መካከል እንደ ሸለቆ ታጥሮ ሊከማች ወይም ከሸለቆው ሊገፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሜሪካ የኒው ጀርሲ ጠረፍ ላይ የተካሄደው ሰፊ ልኬት ይህንን አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በቢጫ ባሕር በበጋ የተወሰኑ የድምፅ ተደጋጋሚነቶች ብቻ ከሚጠበቀው በላይ በብርቱ ሲጠፉ መታየቱ አጥኚዎችን ግራ አጋብቶ ነበር፤ በ1991 የወጣው ማብራሪያ ምክንያቱን ከንብብር ሞገድ ጋር አያይዞታል። ሶናር የሚያዳምጥ ሰው እንግዲህ ያልሰማውን ነገር ‹የለም› ሊል አይችልም። ዝምታው የውኃው ሊሆን ይችላል።

ቃሉ የጠፋበት ወደብ

አማርኛ ይህን ሁሉ የሚናገርበት አጋጣሚ ፈጽሞ አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሥርቶ ምጽዋ ላይ ተደራጅቷል፤ መኮንኖች ሠልጥነዋል፤ በ1980ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የተገኙት ሁለት የፔትያ ዓይነት መርከቦች ባሕር ሰርጓጅን በድምፅ ለመፈለግ የተሠሩ ነበሩ። ‹ባሕር ሰርጓጅ› ራሱ ጥሩ የስያሜ ሥራ ነው። ‹ሰረጎደ› ከሚለው ግሥ ወጥቶ፣ እንደ ‹ወሰደ – ወሳጅ› የመጨረሻውን ‹ደ› ወደ ‹ጅ› አላልቶ፣ በአማርኛ የአድራጊ ስም ሥርዓት የተበጀ ነው፤ ማንም የባሕር ዳርቻ ያላየ ሰው ይረዳዋል።

ነገር ግን ይህ ሙያዊ አማርኛ በመጽሐፍ ሳይሆን በሰዎች ውስጥ ነበር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሄዱ፤ በ1993 ከዚያ ለቀው ጅቡቲ ገቡ። የወደብ ኪራይ ሳይከፈል በመቆየቱ የጅቡቲ መንግሥት በመስከረም 1996 የቀሩትን ይዞ ለጨረታ አቀረበ። ባሕር ኃይሉ የሚገባው ያህል የተጻፈ ቃላት ሳይተው ተበተነ። በ2019 ኢትዮጵያ ባሕር ኃይልን መልሶ ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ፈርማለች፤ ለንግድ መርከብ የሚሠለጥኑት ወጣቶችም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ በራሱ ነቀፋ የሚገባው አይደለም። አሳሳቢው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሠልጣኙ የተማረውን ለአዛዡ፣ ለዳኛው፣ ለኢንሹራንስ ሠራተኛው፣ ለቤተሰቡ በምን ቃል ያስረዳል?

‹ሞገድ› የትኛው ሞገድ?

የባሕር ሰዎች የሚባሉት ጎረቤቶች ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል። በአፋርኛም በሶማልኛም ባሕር ‹ባድ› ነው፤ ሶማልኛ ከዚሁ ‹ባድዌይን›፣ ‹ትልቅ ባድ›፣ ብሎ ውቅያኖስን ሰይሟል፤ ለሞገድ ግን ከዓረብኛው ‹መውጅ› የወጣውን ‹መውጃድ› ይጠቀማል። የባሕር ቋንቋ የሆነ ቋንቋም ይዋሳል፤ አማርኛ በመዋሱ ብቻ ሊያፍር አይገባውም። የአማርኛው ‹ሞገድ› ከግእዝ የወረደ ሲሆን ብዙ ቁጥሩ ‹መዋግድ› ነው፤ ከዓረብኛው ጋር ያለው መመሳሰል ያጓጓል፣ ነገር ግን የመጨረሻዋ ‹ድ› በቀላሉ አታሳልፍም።

የአማርኛ ‹ባሕር› ራሱ የደጋ ቃል ሆኗል። ባሕር ዳር የተቆረቆረችው በሐይቅ ዳር ነው። ባሕር ዛፍና ባሕር ማሽላ ከባሕር የበቀሉ ሳይሆኑ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ በእነዚህ ስሞች ውስጥ ባሕር ማለት ‹ሩቅ› ማለት ነው። ስለዚህ ‹የባሕር ውስጥ ሞገድ› የሚለው ቀጥተኛ ስያሜ ሲቀርብ አድማጩ የሚረዳው በባሕር ላይ ያለውን ማንኛውንም ሞገድ ነው፤ በፊቱና በሆዱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። ‹ውስጣዊ ሞገድ› ቢባል ደግሞ የባሰ ነው። ‹-አዊ› የሚለው ምዕላድ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ‹ውስጣዊ ሰላም›፣ ‹ውስጣዊ ስሜት› የሚሉት ጥምረቶች ቃሉን ለነፍስ አሳልፈው ሰጥተውታል። ‹ውስጣዊ ማዕበል› የሚል ርእስ ያለውን ጽሑፍ የሚከፍት አንባቢ ልብ ወለድ ይጠብቃል፣ ውቅያኖስ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ችግር ‹ሞገድ› ለድምፅም፣ ለሬዲዮም፣ ለውኃም መዋሉ ነው። ‹አጭር ሞገድ› ሲባል ውኃን የሚያስብ የለም። ሞገድ በሞገድ ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ በሚነገርበት ዓረፍተ ነገር ግን የትኛው የቱን እንደለወጠ ይደበላለቃል። መፍትሔው ‹ማዕበል›ን ለውኃ፣ ‹ሞገድ›ን ለድምፅ መክፈል ይመስል ይሆናል፤ በመዝሙረ ዳዊት ሁለቱ ተጣምረው ስለሚገኙ ለመለየት የሚያስችል ጥንታዊ መሠረት አላቸው። ይሁን እንጂ ‹ማዕበል› ቁጣን ያዘለ ቃል ነው፤ በጸጥታ፣ ላይኛው ፊት ሳያውቅ ለሚያልፍ ነገር አይስማማም። ክፍፍሉን በግልባጭ ማድረግ ይሻላል፦ በዚህ ርእስ ‹ሞገድ› ለውኃው ይቅር፤ ለድምፁ ‹ድምፅ› ብቻ ይበቃል።

ቀሪው የሞገዱን ዓይነት የሚለይ ቃል ነው። ‹ድንበር› ተሞክሮ ሊታይ ይችላል፤ ግን ባሕርና ድንበር በአፍሪቃ ቀንድ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንባቢው ካርታ ፍለጋ ይሄዳል። ከጠላና ከጠጅ የሚመጡት ‹ዝቃጭ›፣ ‹አተላ›፣ ‹አምቡላ› የታችኛውን ውኃ ያራክሳሉ፤ የታችኛው ውኃ ከላይኛው ይልቅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ‹ተነባበረ› የሚለው ግሥ ግን ምንም ሸክም የለበትም። በእያንዳንዱ ቤት የሚታወቀው አነባበሮ፣ በቅቤና በበርበሬ ተለውሶ አንዱ በአንዱ ላይ የተጋገረው እንጀራ፣ ከዚሁ ሥር ነው። ከእርሱ የሚወጣው ‹ንብብር› ለላይኛውም ለታችኛውም በእኩልነት ያገለግላል። ‹የንብብር ሞገድ› በዚህ ጽሑፍ ያለ ማብራሪያ እስካሁን በሥራ ላይ የዋለው ስለዚህ ነው።

ለድምፁ መታጠፍ ከ‹ሰበረ› የሚወጣው ‹ስብረት› ለብርሃንና ለመስተዋት ይመች ይሆናል፤ በባሕር ግን መንገዱ የሚሰበርበት አንድ ነጥብ የለም፣ ቀስ እያለ ይቀለሳል። ‹ጉብጠት› ይቀርበዋል። ‹ጥላ› ያለ ምንም ለውጥ ከብርሃን ወደ ድምፅ ይሻገራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የሶናር ተመላሽ ድምፅ ነው። አማርኛ ለዚህ ያለው ቃል ‹የገደል ማሚቶ› ነው፤ ገደል የሌለበት፣ ማሚቶም የማትኖርበት ቦታ። ‹አስተጋባ› ከሚለው ግሥ ‹ማስተጋቢያ› ማውጣት ይቻላል፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ማንም አይለውም። ደገኛው መርከበኛ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሆኖ ከ800 ሜትር ጥልቀት የተመለሰለትን ድምፅ ‹የገደል ማሚቶ› ቢለው ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ የባሕረ ሰላጤው ግድግዳዎች ምድር በመሰንጠቋ የተፈጠሩ ገደሎች ናቸውና።